የዘመኑን የፐልፕ ጀብድ ልቦለድ መጻፍና በትናንሽ አሳታሚዎች ማሳተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእንግሊዝኛ የጀብድ ልቦለድ ጽፈው አሜሪካ ላሉ ትናንሽ አሳታሚዎች መላክ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፐልፕ የሚባለው ምን ዓይነት ልቦለድ ነው?

ስሙ የመጣው ከወረቀቱ ነው። ከእንጨት ፍጭ የሚሠራ፣ ሻካራ፣ ቶሎ ቢጫ የሚሆን ርካሽ ወረቀት ነበር። ፍራንክ መንሲ የተባለ የኒው ዮርክ አሳታሚ በ1896 «አርጎሲ» የተባለውን መጽሔቱን ሙሉ በሙሉ ለልቦለድ አውሎ በዚህ ወረቀት ማተም ጀመረ። ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛውም ተማሪውም ኪሱን ሳይጎዳ ይገዛው ጀመር፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት።

መጽሔቶቹ የማይነኩት ነገር አልነበረም። መርማሪ፣ ካውቦይ፣ ጠፈር፣ ጎራዴና አስማት፣ የጠፉ ከተሞች፣ የአየር ውጊያ። በ1931 «ዘ ሻዶው»፣ በ1933 «ዶክ ሳቬጅ» ሲመጡ ደግሞ በየወሩ የአንድ ጀግና ሙሉ ልቦለድ የሚያወጡ መጽሔቶች ገበያውን ያዙት። ከዚያ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት መጣ። ኮሚክስ፣ የኪስ መጻሕፍትና ቴሌቪዥን አንባቢውን ተሻሙት። የሁለቱም መጽሔቶች ባለቤት የነበረው ስትሪት ኤንድ ስሚዝ በ1949 የቀሩትን የልቦለድ መጽሔቶቹን ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ዘጋቸው።

ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት እንቅልፍ አጥቶ ያነበበ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እኛ ልብ አንጠልጣይ የምንለው ነው።

ታዲያ ዛሬ ማን ያትመዋል?

በ2010 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ «ኒው ፐልፕ» የሚል ስም የያዘ እንቅስቃሴ ጎላ ብሎ ወጣ። ምክንያቱ ቴክኖሎጂ ነው። መጽሐፍ ሲታዘዝ ብቻ አንድ አንድ ቅጂ ማተም ስለተቻለ፣ መጋዘንና ሺህ ቅጂ የማያስፈልገው አሳታሚ መሆን ተቻለ። ኤርሺፕ 27፣ ፕሮ ሴ፣ ሙንስቶን የመሳሰሉት የእንቅስቃሴው ስሞች ናቸው። አልተስ ፕሬስ፣ በኋላ ስሙን ስቲገር ቡክስ ያለው፣ ድሮ የወጡትን እንደገና በማተም ይበልጥ ይታወቃል። ከ2016 ጀምሮ የሚወጣው «ሲርሶቫ» ደግሞ መጽሔት ነው። አትላንታ ያለው ኤምቪሚዲያ አፍሪካን መነሻ ያደረጉ የጀብድና የጎራዴ ታሪኮችን ያትማል።

ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያንቀሳቅሷቸው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን። ይህን ልብ በሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። መልስ የሚዘገየው፣ ማስታወቂያ የሚያንሰው፣ ግን ደግሞ ኤዲተሩ በግል ስማችሁን እየጠራ የሚጽፍላችሁ ለዚህ ነው። በአካል ማግኘት ለሚፈልግ ፒትስበርግ አካባቢ በየበጋው ፐልፕፌስት አለ። ቺካጎ አካባቢ ደግሞ በጸደይ ዊንዲ ሲቲ የተባለው የፐልፕ ገበያ ይካሄዳል።

ከሌላው የጀብድ ልቦለድ በምን ይለያል?

በፍጥነቱና በጀግናው። የፐልፕ ጀግና ችግር ሲመጣ ገብቶ ይጋፈጣል እንጂ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ራሱን አይመረምርም። ክፉው ክፉ ነው፤ ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ቦታው የሚታይ፣ የሚሸት ነው። ይህ ማለት ገጸ ባህርይው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ማንነቱ የሚታወቀው በሚያደርገው ነገር ነው ማለት ነው።

ቧልትም አይደለም። ብዙ ጀማሪ ዘውጉን የሚጽፈው እየቀለደበት ነው፤ ጀግናውን ሞኝ፣ ክፉውን ካርቱን አድርጎ። ኤዲተሮች ይህን በሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቁታል። የምትጽፉትን ካላመናችሁበት አንባቢውም አያምንበትም።

ቀመር አለው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

አለው። ከዶክ ሳቬጅ ልቦለዶች አብዛኞቹን የጻፈው ሌስተር ዴንት 6,000 ቃል ላለው ታሪክ የሚሆን ንድፍ አውጥቶ ለሌሎች ጸሐፊዎች አካፍሏል። ታሪኩ 1,500 ቃል ባላቸው አራት ክፍሎች ይከፈላል። ከመጀመራችሁ በፊት ያልተለመደ የአገዳደል ዘዴ፣ ክፉው አጥብቆ የሚፈልገው ያልተለመደ ነገር፣ ያልተለመደ ቦታና በጀግናው ላይ የሚያንዣብብ አደጋ ታስባላችሁ። ጀግናው በመጀመሪያው መስመር፣ ቢዘገይ በአቅራቢያው፣ ከነመከራው ይገባል። በየክፍሉ መከራው ይብሳል፤ እያንዳንዱ ክፍል ነገሩን በሚገለብጥ ድንገተኛ ክስተት ያልቃል። በመጨረሻ ጀግናው ከጉድጓዱ የሚወጣው በራሱ ብልሃትና ጉልበት ነው። ከሰማይ የወረደ ረዳት አይፈቀድም።

እኔን ከሁሉ የሚጠቅመኝ አራት ክፍል የሚለው ሳይሆን «ያልተለመደ» የሚለው ግዴታ ነው። ሰውየው በሽጉጥ ተገደለ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከጅቡቲ በመጣ ባቡር ውስጥ፣ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል፣ ጥይት ሳይሰማ የሞተ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ግን ገጹን ያስገልጣል። ሻንጣው ባዶ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

የእኛን አገር ጸሐፊዎች የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው። ፀሐይዋ በምሥራቅ አድማስ ብቅ ትላለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ጀግናው ቡናውን ይጠጣል፣ የልጅነት ትዝታው ይመጣል። ድርጊቱ ገጽ አሥር ላይ ነው። ቀላሉ መድኃኒት፦ ረቂቁን ጨርሱ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ቆርጣችሁ አውጡና ታሪኩ ያለ እነሱ ይቆም እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ይቆማል።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

አሳታሚው ባለው ልክ። በአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ዓለም የተለመደው አከፋፈል አጭር ልቦለድ እስከ 7,500 ቃል፣ መካከለኛው እስከ 17,500፣ ረዘም ያለው እስከ 40,000፣ ከዚያ በላይ ሙሉ ልቦለድ የሚል ነው። የድሮዎቹ ወርሃዊ የጀግና ልቦለዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ40,000 እስከ 60,000 ቃል ነበሩ። ለፐልፕ ይህ ልክ ዛሬም ምቹ ነው። 150,000 ቃል ይዛችሁ ብትሄዱ አርፋችሁ ለሦስት ቁረጡት ትባላላችሁ።

የግድ በ1930ዎቹ ዘመን መጻፍ አለብኝ?

አይደለም። ብዙዎቹ ያንን ዘመን የሚመርጡት ሞባይል ስለሌለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጀግናው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ደውሎ እርዳታ መጥራት አይችልም፤ ካርታ ላይ ስሙ የሌለ ከተማ መፈለግም ይቻላል። በዛሬው ዘመን ከጻፋችሁ ይህን ችግር በሌላ መንገድ መፍታት አለባችሁ፤ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ፣ የተቋረጠ ኢንተርኔት፣ መንግሥት የማይደርስበት ባሕር። ለእኛ ይህ ብዙ ምናብ አይጠይቅም።

የድሮው ፐልፕ ዘረኛ አልነበረም? እኔ እዚያ ውስጥ ምን አገባኝ?

ብዙው ነበር። አፍሪካ ነጭ ጀግና የሚያልፍባት ጫካ ነበረች፤ ጥንታዊ ከተማ ከተገኘ ደግሞ የሠሩት ከሌላ ቦታ የመጡ ነጮች ሆነው ይገኛሉ። እስያዊው ሴረኛ ነው፤ ጥቁሩ ወይ ተሸካሚ ወይ ፈሪ ነው። ይህን ሳያነሱ ዘውጉን ማወደስ ራስን ማታለል ነው።

ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም፤ ሁለት ሰዎችን ማወቅ ይጠቅማችኋል። አንደኛው ጆርጅ ስካይለር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። «ፒትስበርግ ኩሪየር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ሳሙኤል አይ. ብሩክስ በሚል የብዕር ስም ተከታታይ ልቦለዶች ይጽፍ ነበር። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ በ1935 መጨረሻ፣ የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነችው ሃርለም ውስጥ ስለተገደለ ኢትዮጵያዊ ልዑል የሚተርክ የወንጀል ልቦለድ ጀመረ። በ1938 ደግሞ ኢትዮጵያውያን በኢጣሊያ ላይ ስለሚያነሱት ዓመፅ ሌላ ጀብድ ጻፈ። ሁለቱ በ1994 በአንድ ጥራዝ እንደገና ታትመዋል። እንግዲህ አርበኞቻችን ዱር ቤቴ ብለው በነበረበት ሰዓት ፒትስበርግ የሚታተም ጋዜጣ ላይ ኢትዮጵያ የፐልፕ ጀብድ መድረክ ነበረች፤ ያውም በጥቁር ጸሐፊ ለጥቁር አንባቢ።

ሁለተኛው ቻርልስ ሳውንደርስ ነው። የጎራዴና የአስማት ታሪኮችን እያነበበ አደገ፤ በውስጣቸው ራሱን አላገኘም። ስለዚህ አፍሪካን መሠረት ያደረገ የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1981 ወጣ። በ2011 ደግሞ በ1930ዎቹ ሃርለም የሚንቀሳቀስ ጥቁር የፐልፕ ጀግና ፈጥሮ በኤርሺፕ 27 አሳተመ። በዚያው ዓመት ከሚልተን ዴቪስ ጋር ሆኖ የአፍሪካዊ ጎራዴ ታሪኮች መድበል አዘጋጀ፤ አሳታሚው የዴቪስ ኤምቪሚዲያ ነበር። ሳውንደርስ በ2020 አረፈ። በሩን የከፈተው እሱ ነው፤ ዛሬ አፍሪካዊ ጀግና ይዛችሁ ስትመጡ ኤዲተሩ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ስለ ኢትዮጵያ ብጽፍ ማን ያነበዋል?

ቦታው እንጂ ታሪኩ እንግዳ እስካልሆነ ድረስ ይነበባል። ቁሳቁሱ ደግሞ ሞልቷል። በ1935 ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ትንሿን የኢትዮጵያ አየር ኃይል መራ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሞቶ ተቀበረ። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር የጦር መሣሪያ ነጋዴ፣ ጋዜጠኛና ሰላይ ያመላልስ ነበር። ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ቡድን ውስጥ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ሁሉ ፈጥራችሁ ብትጽፉት አጋነናችሁ ትባሉ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንባቢው ደጃዝማች ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቆማችሁ አታብራሩለት። ሰውየው ሲገባ ሰዉ ሁሉ ከተነሣ ገብቶታል። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሰዎችን ዳር ላይ አስቀምጧቸው፤ መሐል ላይ የራሳችሁ ሰው ይሁን። የታወቀ አርበኛን ባላደረገው ነገር ብትከሱት ከልጅ ልጆቹ ጋር የምትጣሉት እናንተ ናችሁ፣ አሳታሚው አይደለም።

በአማርኛ ጽፌ ማሳተም አልችልም?

በደንብ ትችላላችሁ፤ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። እዚህ የተጠቀሱት አሳታሚዎች በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያትሙት። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ጸሐፊ ለማተሚያ ቤቱ ራሱ ከፍሎ መጽሐፉን ለአከፋፋይ ይሰጣል። አንዳንዱ ሰው ታሪኩን በአማርኛ ጽፎ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። እኔ አልመክርም። ድርጊትን የምታስቡበት ቋንቋ ግሱን ይመርጥላችኋልና የትግሉ ትዕይንት በተለይ ይበላሻል። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ከመላካችሁ በፊትም ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ አንባቢ ያንብብላችሁ።

ወኪል ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ጸሐፊውን ወክሎ ረቂቁን ለአሳታሚ የሚሸጠው ወኪል የሚኖረው በኮሚሽን ነው፤ ከዚህ ገበያ የሚቆርሰው ነገር የለም። ትናንሽ አሳታሚዎች ከጸሐፊው በቀጥታ ይቀበላሉ።

ረቂቄን እንዴት ልላክ?

መጀመሪያ መመሪያቸውን አንብቡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው ሳይነበብ፣ እዚሁ ላይ ነው። በአንድ የታወቀ ፊደል፣ መጠኑ 12፣ መስመሩ እጥፍ ክፍተት ያለው፣ ስማችሁና የገጽ ቁጥሩ በየገጹ ራስጌ ላይ ያለበት ፋይል በአብዛኛው ቦታ ይሠራል። ጥሪ የሚወጣበትን ጊዜም ተከታተሉ፤ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደሉም። «ሰብሚሽን ግራይንደር» የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ማን ክፍት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስና ምን እንደሚከፍል ያሳያል።

የኒው ፐልፕ አሳታሚዎች አንድ የተለየ ልማድ አላቸው። ለመድበል ሲሆን ሙሉ ታሪኩን ሳይሆን መጀመሪያ የአንድ ገጽ ሐሳብ የሚጠይቁ አሉ። እዚያ ላይ መጨረሻውን አትደብቁ። «ምን እንደሚሆን ታነቡታላችሁ» የሚል ማጠቃለያ ኤዲተሩን ያናድዳል እንጂ አያጓጓም። ከተቀበሏችሁ በቀጠሮው ቀን አድርሱ። በዚህ ሰፈር ባለው ቀን የሚያስረክብ ጸሐፊ ከጎበዙ ግን ከሚዘገየው ይበልጥ ይጠራል።

ስንት ይከፈላል?

ትንሽ። በ1930ዎቹ የተለመደው ክፍያ በቃል 1 ሳንቲም ነበር። በዋጋ ንረት ካሰላችሁት ያ አንድ ሳንቲም በዛሬ ገንዘብ ከ20 ሳንቲም በላይ ነው። የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ጸሐፊዎች ማኅበር ከ2019 ጀምሮ ሙያዊ የሚለው ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ በቃል 8 ሳንቲም ነው፤ አብዛኞቹ የፐልፕ አሳታሚዎች እዚያም አይደርሱም። ስለዚህ በርካሽ ወረቀት ላይ በርካሽ ይጽፉ ነበር የሚባሉት ሰዎች ከዛሬዎቹ የተሻለ ይከፈላቸው ነበር። ከሻዶው 325 ልቦለዶች ውስጥ 282ቱን የጻፈው ዋልተር ጊብሰን ሙሉ ኑሮው ጽሑፍ ነበር።

ዛሬ የተለመደው ቅድሚያ ክፍያ የሌለው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚገኝ ድርሻ፣ ነው። በቁጥር እንየው። 200 ገጽ ያለው፣ 14.99 ዶላር የሚሸጥ ባለ ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ አማዞን ላይ ታተመ እንበል። አማዞን ከሽፋን ዋጋው 60 በመቶውን ይሰጥና የማተሚያውን፣ 3.40 ዶላር ገደማ፣ ይቀንሳል። ለአሳታሚው 5.59 ይደርሰዋል። ግማሹን ለጸሐፊዎች ቢሰጥና መድበሉ ላይ አራት ጸሐፊ ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ በአንድ መጽሐፍ 70 ሳንቲም ነው። መቶ ቅጂ ሲሸጥ 70 ዶላር። ይህን እያወቃችሁ ግቡ። የሚያዋጣው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ተከታታይ ነው፤ ሦስተኛውን የወደደ አንባቢ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይገዛል።

አንድ አሳታሚ ረቂቄን ወዶታል፤ ለኤዲቲንግና ለሽፋን ክፈል ብሎኛል። ልክፈል?

አትክፈሉ። የአሜሪካ ደንብ አጭር ነው፦ ገንዘብ ወደ ጸሐፊው ነው የሚሄደው። እውነተኛ አሳታሚ ኤዲቲንጉንም ሽፋኑንም በራሱ ወጪ ይሠራል፤ ከሽያጩ ያገኛል።

እኛን በቀላሉ የሚያታልሉን ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። አገር ቤት ጸሐፊ ለማተሚያ ቤት መክፈሉ ነውርም ማጭበርበርም አይደለም፤ የተለመደ ነው። ስለዚህ «ሁለት ሺህ ዶላር ክፈሉና እናትምላችኋለን» ሲሉን ማንቂያው አይደወልም። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ከፍላችሁ ያሳተማችሁት መጽሐፍ የራሳችሁ ነው፤ እዚያ ግን ከፍላችሁም መብቱን ለእነሱ ትፈርማላችሁ። «ራይተር ቢዌር» የተባለው፣ ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ያሉ አታላዮችን የሚያጋልጥ አገልግሎት አለ። ከመፈረማችሁ በፊት የአሳታሚውን ስም እዚያ ፈልጉ። በራሳችሁ ጊዜ ሳትጠይቁት ኢሜይል ልኮ መጽሐፋችሁን ያደነቀ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈልጉ።

የድሮ ታዋቂ ጀግና ወስጄ አዲስ ታሪክ መጻፍ እችላለሁ?

ሁለት ነገር ለዩ፤ የቅጂ መብትና የንግድ ምልክት። በአሜሪካ እስከ 1929 የታተመ ሥራ ሁሉ ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 95 ዓመት እየሞላው በየዓመቱ መጀመሪያ ይለቀቃል። እስከ 1963 ከታተሙት ደግሞ በ28ኛ ዓመታቸው መብታቸው ያልታደሰላቸው ቀድመው ነጻ ወጥተዋል፤ ብዙ የፐልፕ ታሪኮች በዚህ ውስጥ አሉ። ትልልቆቹ ግን ታድሰዋል። ሻዶውና ዶክ ሳቬጅ ዛሬም ኮንዴ ናስት የተባለው የመጽሔት አሳታሚ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ በእነሱ ላይ በሕጋዊ መንገድ የሚጻፈው በፈቃድ ነው።

ጀግናው ነጻ ቢወጣም ሁሉም ነገሩ ላይወጣ ይችላል። በሼርሎክ ሆምስ ጉዳይ በ2014 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ይህን አብራርቷል፤ በነጻዎቹ ታሪኮች ውስጥ ያለው ገጸ ባህርይ ነጻ ነው፣ ጥበቃ ባልተነሣላቸው ታሪኮች ውስጥ የተጨመሩበት ነገሮች ግን ነጻ አይደሉም። የንግድ ምልክት ደግሞ እስከተሠራበት ድረስ ጊዜ አያልፍበትም። የታርዛን ስም ባለቤት ኩባንያ ይህን አጥብቆ ያስከብራል። የሳውንደርስ የ1981 መጽሐፍ ሽፋን ላይ አሳታሚው «ጥቁሩ ታርዛን» የሚል ማስታወቂያ ጽፎ ነበር። ባለመብቶቹ ክስ ሲያስፈራሩ ሽፋኑ ተቀይሮ መጽሐፉ ገበያ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ጸሐፊው ራሱ ያን ቃል አልመረጠውም ነበር፤ ጉዳቱ ግን ደረሰበት።

የእኔ አቋም፦ የራሳችሁን ጀግና ፍጠሩ። የሰው ጀግና ላይ ያፈሰሳችሁት ላብ የሰው ነው።

አሳታሚው በራሱ ጀግና ላይ ጻፍልኝ ቢለኝስ?

ለመለማመጃ ጥሩ ነው። ግን ውሉ «በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ» የሚል ከሆነ በአሜሪካ ሕግ ደራሲው አሳታሚው ነው የሚባለው፤ እናንተ አይደላችሁም። በሌላ ውል የሸጣችሁትን መብት ከ35 ዓመት በኋላ መልሳችሁ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚህኛው አይቻልም። ስለዚህ ክፍያው በአንድ ጊዜ፣ በቁርጥ ቢሆን ይሻላል። እዚያ ታሪክ ውስጥ የፈጠራችሁት ጎልቶ የሚወጣ ረዳት ገጸ ባህርይ ካለ፣ እሱም አብሮ ሄደ። ምርጡን ሰው ለራሳችሁ መጽሐፍ አቆዩት።

ውል ላይ ምን ልፈትሽ?

ዕድሜውን። «የቅጂ መብቱ እስካለ ድረስ» የሚል ከሆነ ከሞታችሁ በኋላ ሌላ 70 ዓመት ማለት ነው። ለትንሽ አሳታሚ ሦስት ወይም አምስት ዓመት በቂ ነው። ቀጥሎ ምን ምን መብት እንደሚወስድ እዩ፤ የእንግሊዝኛ ህትመትና ኢመጽሐፍ ይገባዋል። ፊልም፣ ድምፅና ትርጉም ለምን? በተለይ የአማርኛውን መብት አትስጡ። እሱ ምንም አያደርግበትም፤ እናንተ ግን ትጠቀሙበታላችሁ።

«መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ይመለሳል» የሚለው አንቀጽ ደግሞ ዛሬ ወጥመድ ነው። ሲታዘዝ የሚታተም መጽሐፍ ከገበያ አይጠፋም፤ በዓመት አንድ ቅጂ ባይሸጥም ድረ ገጹ ላይ አለ። በቁጥር አስጽፉት፤ በ12 ወር ውስጥ ከዚህ ያህል ቅጂ በታች ከተሸጠ ይመለሳል የሚል። የሮያሊቲ ድርሻው ከሽፋን ዋጋ ይሁን ከተጣራ ገቢ፣ ተጣራ ሲባልም ምን ምን እንደሚቀነስ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በጥያቄ የሚቆጣ አሳታሚ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

በኤአይ ማጻፍ ይቻላል?

አብዛኞቹ መመሪያዎች አይፈቅዱም፤ ብዙዎቹም ውል ላይ «እኔ ጻፍኩት» የሚል ማረጋገጫ ያስፈርማሉ። ክላርክስወርልድ የተባለው የታወቀ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት በየካቲት 2023 በማሽን የተጻፈ ረቂቅ ስላጥለቀለቀው መቀበያውን ለጊዜው ዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤዲተሮች ጥርጣሬያቸው ጨምሯል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም ሰው ያልጻፈውን አይመዘግብም፤ ማለትም አሳታሚው የሚገዛው መብት አይኖርም።

አሜሪካ አልኖርም። ክፍያና ታክስ እንዴት ይሆናል?

ደብልዩ-8ቤን የሚባል የአሜሪካ የታክስ ቅጽ ትሞላላችሁ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ሰው ከሮያሊቲ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ የምትኖሩበት አገር ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ካለው ይቀንሳል። ጀርመን ወይም እንግሊዝ የምትኖሩ ወደ ዜሮ ይወርድላችኋል፤ እስራኤል በከፊል። ኢትዮጵያ፣ ሳዑዲና ኤምሬትስ እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌላቸው ሙሉው 30 በመቶ ይሄዳል። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆናችሁ በቀር ወሳኙ የመኖሪያ አገራችሁ እንጂ ፓስፖርታችሁ አይደለም። ትናንሽ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ በፔይፓል ስለሚከፍሉ፣ ያላችሁበት አገር ገንዘብ መቀበል የሚቻልበት መሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ።

አሳታሚው ቢዘጋ መጽሐፌ ምን ይሆናል?

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ባለቤቱ ሲታመም ወይም ሲሰለቸው ድርጅቱም አብሮ ይቆማል። ብዙ ውል «አሳታሚው ከከሰረ መብቱ ወዲያው ለጸሐፊው ይመለሳል» ይላል። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ግን ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይጸናም፤ ውሉ እንደ ንብረት ተቆጥሮ ለአበዳሪዎች ዕዳ መክፈያ ሊሸጥ ይችላል። ከዚህ የሚያድናችሁ ቀድሞ የተጻፈው የጊዜ ገደብ ነው። ሦስት ዓመት ሲያልቅ ያልቃል፣ ድርጅቱ ይኑር አይኑር።

ሮያሊቲ ሪፖርት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ፣ ኢሜይልም ካልተመለሰ፣ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ሰውየው ገና እያለ መብቱን የመለሰበትን አንድ አንቀጽ ደብዳቤ በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ቀጣዩ አሳታሚም አማዞንም ይጠይቃችኋል። ሽፋኑን ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ሥዕሉ የሠዓሊው ወይም የአሳታሚው ነው፤ ገጽ የተበጀለት ፋይልም እንዲሁ። የእናንተ የሆነው ጽሑፉ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን የታረመ ቅጂ ገና ሲታተም ጠይቃችሁ አስቀምጡ።